ላብ የበላው ማካሮቭና የወይራ እጀታ

ጠያቂው የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው። በጎንደርና በመተማ መካከል ይመላለሳሉ፤ ፈቃድ ያለው ማካሮቭ ሽጉጥ በቀኝ ወገባቸው ከሸሚዝ ሥር ይይዛሉ። እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ሰውነቴን የሚነካው ግራ ጎኑ ጥቁሩ ለቆ ዝገት እንደ በርበሬ ተነስንሶበታል። እጀታውም ብሎኑ ዘንድ ተሰንጥቋል፤ ቆላ ስወርድ ደግሞ በላብ ከእጄ ይሙለጨለጫል። ወዳጄ ኒኬል አስነክረህ እንደ መስታወት ይሁንልህ፣ እጀታውን በፍየል ቆዳ አልብሰው ይለኛል። አንተስ ምን ትላለህ?»

ጋሼ፣ ኒኬሉንም የፍየል ቆዳውንም ይተዉ። ወዳጅዎ ለመልካም ብለው ነው፤ ግን ሁለቱም የሽጉጥዎን ሕመም ያባብሱታል እንጂ አያድኑትም።

ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ጥቁር መልክ የተቀባ ቀለም አይደለም፤ የብረቱ የራሱ ቆዳ ነው። ቀዩ ዝገት ብረቱን እየበላ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጥቁሩ ግን ብረቱ ላይ ጥብቅ ብሎ ባለበት ይቀራል፤ ፋብሪካው ሆን ብሎ ያበቀለው ይህንኑ ጥቁሩን ነው። ታዲያ ውፍረቱ ከ1 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ፣ ብዙም አይርቅም፤ አንዲት የራስ ጠጉር እንኳ ከዚያ በብዙ አሥር እጥፍ ትወፍራለች። ይህን ያህል ስስ ነገር ብቻውን ጨዋማ ላብ አይመክትም። ጥቅሙ ዘይት መያዙ ነው። ላብዎ ዘይቱን አጥቦ ወሰደው፣ ዘይቱ ሲሄድ ጥቁሩ ተራቆተ፣ ከዚያ ቀዩ ገባ። ስለዚህ ለዚህ ሽጉጥ የምናስበውን ነገር ሁሉ በአንድ ጥያቄ እንመዝነው፦ ብረቱ ላይ ዘይት ያቆያል ወይስ ውሃ?

ኒኬል ዘይት አይዝም፤ ልስልስ ነው፣ ሲጠርጉት ሁሉም ይሄዳል። በደንብ ሲሠራ ጥሩ ልባስ መሆኑን አልክድም። ግን አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ከተገኘችበት ኒኬልና ብረት እርጥበት መካከላቸው ሲገባ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ ተበዪው ደግሞ ብረቱ ነው። ከላይ ያብለጨልጫል፣ ከሥር ይቦረቦራል፤ ቅርፊቱ ሲነሳ ነው የሚታወቀው። የእርስዎ ሽጉጥ ዝገቱ አስቀድሞ ስላጎደጎደው ቀዳዳ የመፍጠሩ ዕድል ከፍ ያለ ነው።

ሌላም አለ። ከመለበጡ በፊት ብረቱ አሲድ ውስጥ ይገባል። በዚያን ጊዜ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጠንካራ ብረት ውስጥ ሰርጎ ሞላን እንደ ድርቆሽ ያደርቀዋል። ሥራ ስጀምር የአንድ ሽጉጥ ሞላ ዝገቱ ይልቀቅ ብዬ አሲድ ውስጥ ነከርኩት። ጽድት ብሎ ወጣ፣ ገጥሜም ሰጠሁ። በሳምንቱ ባለቤቱ ለሁለት የተሰበረውን ሞላ በመዳፉ ይዞልኝ መጣ። ያ ሰው ሽጉጡን የሚፈልግበት ክፉ ቀን በዚያች ሳምንት ቢሆን ኖሮ እያልኩ ዛሬም ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ ሞላ አሲድ አላስነካም።

አሁን ወደ ሥራው። ካዝናውን ያውጡ፣ ከዚያ የላይኛውን አካል ወደ ኋላ ስበው ጉሮሮው ውስጥ፣ ማለትም ተኳሹ ጥይት በሚያርፍበት፣ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ጥይቱን ሌላ ክፍል ያስቀምጡ።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እንዳይነኩት፤ የቀረውን ጥቁር አብሮ ይልጠዋል። የመሣሪያ ዘይት ቀብተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግስቱ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚጥሉትን ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጫፉን ቀጥቅጠው ጠፍጣፋ ያድርጉትና በቀስታ ይፋቁበት። መዳብ ከብረቱ ይለሰልሳል፣ ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይቧጭርም። በነጭ ጋዝ ያጥቡ፣ በደንብ ያድርቁ፣ እንደገና ዘይት ይቀቡ። ብዙ ሰው ዝገት የመሰለውን ሁሉ ተበልቶ ያለቀ ብረት ያደርገዋል፤ ከዚህ በኋላ ግን ግማሹ ከላይ ብቻ የተቀመጠ ሆኖ ይገኛል።

የተራቆተውን ቦታ እንደገና ማጥቆር ይቻላል። ፋብሪካዎች በኮስቲክ ሶዳና በናይትሬት ጨው ውስጥ 140 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀቅሉታል። እኛ ጎንደር ያለነው ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ተራ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላብናል። ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈውን የጨው መጠን እዚህ ቢከተሉ መፍላቱን ይፈላል፣ ሙቀቱ ግን ስለማይደርስ ብረቱ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ውሃው መቀነስ አለበት። ደግሞም ይህ ፈሳሽ ዓይን ያጠፋል፤ የቤት ሥራ አይደለም።

እኔ የምመርጠው ቀስ ያለውን ነው። ብረቱ ቅባቱ ተጠርጎ ማዛገጫ ፈሳሽ በስሱ ይቀባል፤ እርጥበት ባለው ሳጥን ውስጥ ስስ ቀይ ዝገት ያበቅላል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ሲቀቀል ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ ለዚህ የእኛ 93 ዲግሪ ይበቃዋል። በላዩ የቀረው ዱቄት በለስላሳ የሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ ይህ አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋገማል። በየዙሩ ጥቁሩ እየጠለቀ ሲመጣ ማየት ከዚህ ሙያ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪንና ማዕድን ስላለው ነጠብጣብ ይተዋል፤ እኔ የሐምሌን ዝናብ በጄሪካን አጠራቅማለሁ። ሲያልቅ የሚወጣው መልክ ደብዘዝ ያለ እንጂ የሚያብለጨልጭ አይደለም። ደብዛዛ መሆኑን እንዳይጠሉት፤ ዘይት የሚይዘው እሱ ነው።

ሴራኮት የሚሉትንም ሳይሰሙ አይቀሩም። ሴራሚክ ያለበት ቀለም ነው፣ 25 ማይክሮን ያህል ይወፍራል፣ ላብን ከሁሉ የተሻለ ይመክታል። ግን ብረቱ መጀመሪያ በአሉሚኒየም ኦክሳይድ አሸዋ መነፋት፣ በኋላም 120 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ሁለት ሰዓት መጋገር አለበት። ያ ዕቃ የሌለው ሰው የመኪና ቀለም ነፍቶ ሴራኮት ነው ካለዎ በመጀመሪያው የማጽጃ ፈሳሽ ይለቃል። በማናቸውም መንገድ ቢሠራ ቁጥሩ አይነካ። ፈቃድዎ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብረቱ ላይ በግልጽ መነበብ አለበት፤ ቁጥር የሚያደበዝዝ ሥራ እኔ አልቀበልም፣ ሌላም ሰው እንዲሠራልዎ አይፍቀዱ።

ዘይት ስል የመሣሪያ ዘይት ማለቴ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት አሲድ አለበት። የኑግ ዘይት የሚቀቡ አባቶች አውቃለሁ፤ ለጊዜው ያምራል፣ እየቆየ ግን ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል፣ መምቻውንም ያስረዋል። ጥይቱን ደግሞ ምንም ዘይት አያስነኩት፤ በጥይቱ ግርጌ ባለው አቀጣጣይ ጠርዝ ሰርጎ ሊያከሽፈው ይችላል።

እጀታው የተሰነጠቀው ብሎኑ ከመጠን በላይ ስለጠበቀ ይመስለኛል። እጀታው የተሠራበት ባክላይት የሚባለው ፕላስቲክ ደረቅ ነው፣ መታጠፍ አያውቅም። በኮላ ቢጣበቅም እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ይሄዳል። የፍየል ቆዳውን ደግሞ እንዲተዉ ያልኩት ቆዳ የሚለፋው በጨውና በተክል ልጥ ስለሆነ ነው፤ ላብዎን መጥጦ ብረቱ ላይ ይዞት ይውላል። የብስክሌት የውስጥ ጎማ ማልበስም ያው ነው፤ ከሥሩ ውሃ ያቆራል፣ ሸሚዝ እየያዘም ሽጉጡን ያጋልጣል።

እኔ ብሆን ወይራ አደርግለታለሁ። ዋንዛ ለመቅረጽ ይቀላል፣ ለጠረጴዛም ያምራል፤ ለዚህ ግን ለስላሳ ነው፣ ጥርቡ፣ ማለትም እንዳይሙለጨለጭ የሚጠረብበት መስመር፣ ቶሎ ይላላል። ወይራ ከባድና ቅባታም ነው፣ የተጠረበበትን መስመር ይዞ ይኖራል። ችግሩ ሲደርቅ መሰንጠቁ ነው። ከገበያ ለማገዶ የመጣ እርጥብ ግንድ እንዳይገዙ፤ የፈረሰ አሮጌ ቤት ምሰሶ ቢያገኙ እሱ ወርቅ ነው። መድረቁን የሚያረጋግጡት በሚዛን ነው፦ ቁራጩን በየሳምንቱ ይመዝኑት፣ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

የማካሮቭ እጀታ እንደ ሌሎቹ ሁለት ገበታ አይደለም፤ ሁለቱን ጎንና ጀርባውን ያቀፈ አንድ ወጥ ነው። ስለዚህ ከአንድ ግንድ ተቦርቡሮ ይወጣል፣ የእንጨቱም ጭረት ከላይ ወደ ታች መሄድ አለበት፤ አግድም ከሆነ ይሰበራል። ከዚያ በላይ መጠንቀቅ ያለብን ከውስጥ ነው። እጀታው ውስጥ ያለው አንድ ጠፍጣፋ ሞላ መምቻውን ይገፋል፣ ምላጩን ይመልሳል፣ የታችኛው ጫፉ ደግሞ ካዝናውን ይይዛል። የእጀታው ብሎን የሚገባውም ይህን ሞላ አጥብቆ በያዘው ማቀፊያ ላይ ነው። እንጨቱ በአንድ ወገን ሞላውን ከገፋው ካዝናው ይለቃል፣ ወይም መምቻው ይደክማል። ሞላው ላይ ጥላሸት እቀባና እጀታውን ገጥሜ አወጣዋለሁ፤ እንጨቱ የጠቆረበትን እፍቃለሁ፣ ጥቁር እስኪጠፋ ድረስ። ከአሮጌው እጀታ የብሎኑን የብረት ቀለበት አውጥቼ አዲሱ ላይ አስገባዋለሁ፤ ብሎን በቀጥታ እንጨት ላይ ካረፈ ይበላዋል። በካቻቢቴ ሲያጠብቁም በሁለት ጣት ብቻ፣ እምቢ ሲል ይቁም።

ለመሙለጭለጩ መድኃኒቱ ጥርቡ ነው። በ10 ሚሊሜትር ውስጥ 7 ወይም 8 መስመር ይበቃል። ከዚያ ከደቀቀ ላብና አቧራ ይሞላዋል። ሰውነትዎን የሚነካውን ግራ ጎን ግን ጫፉን አደነዝዘዋለሁ፤ አለዚያ ከጎንደር መተማ እስኪደርሱ ቆዳዎን ይልጠዋል። መዳፍ የሚያርፍበት ጀርባው ሻካራ ይሁን።

እንጨቱን በቫርኒሽ አልሸፍነውም፤ በላብ ይንሸራተታል። የተልባ ዘይት በስሱ እየቀባሁ በየሁለት ቀኑ አራት አምስት ጊዜ አጠጣዋለሁ። ለብረት የነቀፍኩት ያ የመድረቅ ጠባይ እንጨት ውስጥ ሲሆን መልካም ነው፣ ገብቶ ይጠነክራል። የቀቡበትን ጨርቅ ግን ጨብጠው ጥግ እንዳይጥሉት፤ ሲደርቅ ይሞቃል፣ ራሱን በራሱ ያቃጥላል። ዘርግተው ያስጡት ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

በቆላው መንገድ ማታ ማታ ሽጉጡን ከማኅደሩ አውጥተው ዘይት በነካ ጥጥ ጨርቅ ይጥረጉት። በማኅደሩ ውስጥ አያሳድሩት፤ ቆዳው ውሎ የጠጣውን ላብ ሌሊቱን ይመልስለታል። ቤትም የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ፣ ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ።

ማጥቆሩ ከነማድረቁ አንድ ሳምንት ይወስዳል፣ እጀታው እንጨቱ ደርቆ ከመጣ ሌላ ሳምንት። ሲመጡ ፈቃዱን ይያዙ፣ ሽጉጡ ባዶ ይሁን፣ የተሰነጠቀውንም እጀታ እንዳይጥሉት፤ ልኩን የምወስደው ከእሱ ነው።