ለኦኢቲ ሊስኒንግ መዝገበ ቃላት አትሸምድጂ

ሰላም እህቴ፣

የላክሽልኝን ጥያቄ ሌላውም አንባቢ እንዲከታተል ባጭሩ ላስቀምጠው። ቢኤስሲ ነርስ ነሽ። ሀዋሳ ሜዲካል ዋርድ ውስጥ አራት ዓመት ሠርተሻል። እንግሊዝ አገር ለመቀጠር ኦኢቲ የሚባለውን የጤና ባለሙያዎች የእንግሊዝኛ ፈተና ተፈተንሽ፤ ሪዲንጉ 370 መጣልሽ፣ ሊስኒንጉ ግን 310 ላይ ቀረ። የእንግሊዝ ነርሶችን የሚመዘግበው ኤንኤምሲ በሊስኒንግ የሚፈልገው 350 ነው። አሁን አንድ ወፍራም የሕክምና መዝገበ ቃላት ይዘሽ እየሸመደድሽ ነው፤ በዚሁ ልቀጥል ወይ ነው ጥያቄሽ።

አትቀጥይ። ችግርሽ የሕክምና ቃል ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ሪዲንጉ ይጥልሽ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ አገር ነርሲንግ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፣ ቻርቱም የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ በሽተኛው ግን የሚያወራሽ በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ ወይም በኦሮምኛ ነው። እንግሊዝኛ የሚያወራ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆመሽ አታውቂም ማለት ይቻላል። የትንፋሽ ማጠርን "ዲስፕኒያ" ብለሽ ለመጻፍ አታመነቺም። አንዲት እንግሊዛዊት አሮጊት ግን ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ እንደሚያጥራት የምትነግርሽ "አውት ኦፍ ፓፍ" ብላ ነው። መሽናትን "ፓሲንግ ዋተር" ትልሻለች፣ እግሯን ሲወርራት "ፒንስ ኤንድ ኒድልስ"፣ የምግብ ፍላጎቷ ሲዘጋ "ኦፍ ማይ ፉድ"፣ የሚያሸናትን ክኒን ደግሞ "ዋተር ታብሌት"። የያዝሽው መጽሐፍ ይህን አያስተምርሽም፤ ፈተናው ግን በአብዛኛው የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው።

የሊስኒንጉ የመጀመሪያ ክፍል፣ ፓርት ኤ ላይ ቆየት ልበል፣ ነጥቡ ያለው እዚያ ነውና። ከ42ቱ ጥያቄ 24ቱ የሚመጡት ከሁለት የበሽተኛና የባለሙያ ንግግሮች ነው። ፊትሽ ያለው ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ክፍት የተተወ ማስታወሻ ነው፤ ድምፁ ሳይጀምር 30 ሴኮንድ ይሰጥሻል። በዚያች ጊዜ ሁሉንም ለማንበብ አትጣደፊ። ክፍት ቦታዎቹን እያየሽ እዚህ መድኃኒት ነው የሚገባው፣ እዚህ ቁጥር፣ እዚህ የሰውነት ክፍል እያልሽ ገምቺ። ማስታወሻው ከንግግሩ ጋር በቅደም ተከተል ስለሚሄድ ንዑስ ርዕሶቹ የት እንደደረሳችሁ ይነግሩሻል። ድምፁ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው። አንድ መልስ ካመለጠሽ ተይው፤ ብዙ ሰው ነጥብ የሚያጣው ያመለጠችውን አንዷን ሲያሳድድ ተከታዮቹ ስለሚያልፉት ነው።

ነርሶች ላይ ደጋግሜ የማየው ልማድ አለ። በሽተኛዋ "ዋተር ታብሌት" ስትል ነርሷ በጭንቅላቷ ተርጉማ "ዳይዩሬቲክ" ብላ ለመጻፍ ትጨነቃለች፣ በዚያ መሀል ዶዙ ያልፋታል። የሰማሽውን ቃል እንዳለ ጻፊ። ስፔሊንግ ላይም አትቁሚ፤ ትርጉሙ እስከገባ ድረስ ትንሽ ስህተት ይታለፋል፣ የእንግሊዝም የአሜሪካም አጻጻፍ ይሠራል። በሽተኛዋ ራሷን ስታርም ግን ንቂ። "ማክሰኞ ነው የጀመረኝ፣ አይ፣ ረቡዕ ነው" ካለች መልሱ ረቡዕ ነው። "ፎርትናይት" ካለች ሁለት ሳምንት ማለቷ ነው። የ15 እና የ50ን አጠራር መለየት ደግሞ ለብቻው ተለማመጂ፤ ነገ ሥራ ላይ ስትሆኚም የዶዝ ቁጥር ማምታታት ሰው የሚጎዳ ነገር ነው።

ፓርት ቢ ስድስት አጫጭር የሥራ ቦታ ንግግሮች ናቸው፣ ፈረቃ ስትረካከቡ የምትባባሉት ዓይነት፤ ብዙም አያስፈራሽ። ፓርት ሲ ላይ ሁለት ረዘም ያሉ ገለጻዎች ወይም ቃለ መጠይቆች ይመጡና 12 ጥያቄ ይጠየቅባቸዋል። እዚያ የሦስቱም ምርጫ ቃላት ሲነገሩ ትሰሚያለሽ፣ ስለዚህ ቃል ስለሰማሽ ብቻ አትምረጪ። ተናጋሪው በየትኛው ተስማማ፣ የትኛውን ተጠራጠረ፣ የትኛውን ሌላ ሰው ነው ያለው? እሱን ያዢ።

ለልምምድ ሄልዝቶክ የሚባል የእንግሊዝ ድረ ገጽ አለ፣ ነፃ ነው። እውነተኛ በሽተኞች ስለ ሕመማቸው በቪዲዮ ያወራሉ፤ የተናገሩትም በጽሑፍ አብሮ አለ። ጽሑፉን ሳታይ ስሚ፣ የገባሽን በማስታወሻ ጻፊ፣ ከዚያ ከጽሑፉ ጋር አስተያዪና ያመለጠሽን ቦታ ብቻ መልሰሽ መላልሰሽ ስሚው። በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል፣ በየቀኑ ከሆነ። ኦኢቲ የተወለደው አውስትራሊያ ስለሆነ የእነሱንም አነጋገር ጆሮሽ ይልመደው፤ ኤቢሲ ሬዲዮ ላይ የሚተላለፈው ሄልዝ ሪፖርት ለፓርት ሲ በጣም ይጠቅምሻል። ሰብታይትል ከፍተሽ የምታያቸው ፊልሞች ግን ልምምድ አይባሉም፣ ዓይንሽ እያነበበ ጆሮሽ ያርፋል።

ኦኢቲ ራሱ ድረ ገጹ ላይ በነፃ ያስቀመጣቸውን የናሙና ፈተናዎች እንዳታባክኚ። ብዙ አይደሉም። ሳታቋርጪ፣ ድምፁን ወደ ኋላ ሳትመልሺ፣ ልክ እንደ ፈተናው ቀን ሥሪያቸው። በግምት 30 ትክክል ከመለስሽ 350 አካባቢ ነሽ፤ እኔ ግን አይተሽው በማታውቂው ፈተና ደጋግመሽ 33 እና ከዚያ በላይ ሳታመጪ እንድትመዘገቢ አልፈልግም። ክፍያው ለአንድ ነርስ ደመወዝ ከባድ ነው። ከመክፈልሽ በፊት ኤንኤምሲ የሁለት ፈተና ውጤት አጣምሮ የሚቀበልበትን ሁኔታ ገጹ ላይ አንብቢ፤ የሪዲንግ ውጤትሽ ሊያግዝሽ ይችላል። ቀን ስትይዢም የናይት ዲዩቲ ማግስት እንዳይሆን ከሜትሮኗ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪ።