መልስ፦ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካባቢ የሰከሩ ተማሪዎች ሌሊት ደጃፌ ላይ ሲደባደቡ ምን ላድርግ?

ሌሊት አትውጣ። ድንጋይ መወራወር ከጀመሩ ወይም ሰው ከተመታ 991 ደውል። የግቢው ጥበቃ ከአጥር ውጭ ላለ ጠብ ብዙም አይጠቅምህም።

ጠዋት ግን መጀመሪያ ያከራያቸው ሰውዬ ጋ ሂድ። ኪራይ ሲቀበል እንጂ ሲረብሹ አያውቃቸውም! ቀጥሎ መጠጥ የሚሸጥላቸው ግሮሰሪ ጋ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው፤ አንደኛ ዓመቶቹ ደግሞ አብዛኞቹ እዛ አልደረሱም። ባለግሮሰሪው ካልሰማ ከእድር ሰዎች ጋር ሆናችሁ ቀበሌ አመልክቱ። ብቻህን ከሄድክ «ተማሪ ጠል» ትባላለህ።

እኔ አንዴ ተናድጄ ዱላ ይዤ ወጣሁ። አንድ ተማሪ ተፈነከተ፣ እኔም ጣቢያ አደርኩ። ኋላ ሲጣራ ጠቡን የጀመሩት የራሳችን ሰፈር ልጆች ነበሩ።