ሴንሰሬ በክረምት ለምን ያብዳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። አዘዞ የምኖር የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ነኝ። እናቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰል አቀጣጥላ መኝታ ቤት ስለምታስገባ አርዱዊኖ በምትባል ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ ቦርድና በኤምኪው-2 ሴንሰር (ጋዝ ጠቋሚ ዕቃ) ማስጠንቀቂያ ሠራሁላት። ግን አስቸገረኝ። ሲበራ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣና ቀስ እያለ ይወርዳል። ዝናብ ሲይዝ ከሰል ሳይኖርም ቁጥሩ ከፍ ይላል። ጎረቤታችን አረቄ ስታወጣ ይጮኻል፤ ለከሰሉ ግን እምብዛም ነው። ዕቃው ተበላሽቶ ነው? ለመሆኑ ጋዙን በምን ያውቀዋል?

መልስ፦ ዕቃህ ደህና ነው፤ የገዛኸው ግን ለሌላ ሥራ የተሠራውን ነው። ከመጨረሻው ጥያቄህ ልነሳ፤ ሌላው ከሱ ይፈታል።

ሴንሰሩን ገልብጠህ ብታየው ስድስት እግር አለው፤ ሁለቱ ለማሞቂያው፣ አራቱ ለንባቡ። በወንፊቱ ሥር ያለችው ትንሽ የሴራሚክ ቱቦ ናት፤ ላይዋ ቲን ኦክሳይድ ተቀብቷል፣ በውስጧ የማሞቂያ ሽቦ ያልፋል። ቲን ኦክሳይድ ሴሚኮንዳክተር ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው በመጠኑ ነው። ክሪስታሉ ውስጥ ኦክስጅን የጎደለበት ቦታ አይጠፋም፤ በዚያ ጉድለት ምክንያት የተረፉት ኤሌክትሮኖች ናቸው እንደልብ እየተዘዋወሩ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት።

አሁን አየሩ ይግባ። የኦክስጅን ሞለኪውል በሞቀው ገጽ ላይ ሲያርፍ ዝም ብሎ አይለጠፍም፤ ከኦክሳይዱ ኤሌክትሮን ነጥቆ ነው የሚቀመጠው። ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በአብዛኛው ሞለኪውሉ ሳይሰነጠቅ አንድ ኤሌክትሮን ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ ሲያልፍ ለሁለት ይሰነጠቅና እያንዳንዱ አተም የራሱን ይነጥቃል። ከገጹ ሥር ጥቂት ናኖሜትር የሚያህል ሽፋን ከኤሌክትሮን ይራቆታል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ቅባቱ የተሠራባቸው ቅንጣቶች ግን ራሳቸው በናኖሜትር የሚለኩ ናቸው። ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው የሚሻገር ኤሌክትሮን የግድ ይህን የተራቆተ ሽፋን ማለፍ አለበት፤ በየድልድዩ ላይ ኬላ ተተከለ በለው። ሬዚስታንሱ (ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ) ይጨምራል። ቅንጣቶቹ ወደ ስድስት ናኖሜትር ሲያንሱ ከዳር እስከ ዳር ይራቆታሉ፤ ያን ጊዜ ነው ሴንሰሩ ጥቂት ጋዝ እንኳ የሚሰማው።

ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሲመጣ የተለጠፈውን ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። ኦክስጅኑ ይዞት የነበረው ኤሌክትሮን ወደ ኦክሳይዱ ይመለሳል፣ ሬዚስታንሱ ይወርዳል፣ አርዱዊኖህ የሚያነበው ቮልቴጅ ይወጣል። እንግዲህ የምትለካው ከገጹ ላይ የተነሳውን ኦክስጅን ነው። ማን እንዳነሳው ሴንሰሩ አይጠይቅም፤ ችግርህም እዚህ ላይ ነው።

የጎረቤታችሁን አረቄ ውሰድ። አንድ የአልኮል ሞለኪውል ሙሉ በሙሉ እስኪቃጠል ስድስት የኦክስጅን አተም ይፈልጋል፤ ስለዚህ እስከ ስድስት ኤሌክትሮን ሊያስለቅቅ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚያነሳው አንድ ብቻ ነው። ሴትዮዋ ላይ አትፍረድ።

ዝናቡም ከዚህ አይርቅም። የውኃ እንፋሎት በኦክሳይዱ ላይ ይለጠፋል፣ የኦክስጅንን ቦታ ይሻማል፣ ለኦክሳይዱም ኤሌክትሮን ይለቅለታል። ውጤቱ ጋዝ የመጣ ይመስላል። የከፋው ደግሞ ቦታውን ስለያዘ እውነተኛው ጋዝ ሲመጣ ሴንሰሩ የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሳያስፈልግ ይጮኻል፣ ሲያስፈልግ ይለግማል ማለት ነው። በዚህ ላይ የፋብሪካው ሰንጠረዥ የተሠራው በ20 ዲግሪና በ65 በመቶ እርጥበት ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2100 ሜትር በላይ ስለሆነች የምንተነፍሰው ኦክስጅን ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። የእርጥበቱን ያህል አያሳስብም፤ ቢሆንም የሰንጠረዡን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ አያዋጣም። ንጹሕ አየር ላይ፣ እዚያው አዘዞ፣ በጋም ክረምትም መነሻውን ራስህ ለካ።

ሲበራ ሽቅብ የሚወጣው ደግሞ ሴንሰሩ ቀዝቅዞ ሲቆይ እርጥበትና ሌላ ትነት ስለሚለጠፍበት ነው። ሲሞቅ እነሱ ይለቃሉ፣ ኦክስጅኑ ቦታውን ይይዛል፣ ንባቡም ይረጋል። አምራቹ ከ24 ሰዓት በላይ አሙቁት የሚለው ለዚህ ነው። ተማሪዎች ይህን መስመር ሲዘሉ አይቻለሁ፤ ከዚያ ኮዱን ይወቅሳሉ። ሳጥኑንም በሲሊኮን አትለጥፈው፤ ትነቱ ገጹ ላይ ተጋግሮ ሴንሰሩን ያደነዝዘዋል።

ኤምኪው-2 በዋናነት ለቡታጋዝና ለመሰል ጋዞች ነው። ለካርቦን ሞኖክሳይድ የሚሻለው ኤምኪው-7 ነው፤ ለ60 ሰከንድ በ5 ቮልት ይሞቃል፣ ለ90 ሰከንድ ወደ 1.4 ቮልት ይወርዳል። በሙቁ ሰዓት ገጹ ይጸዳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱን የሚለካው በቀዝቃዛው ሰዓት ነው። ይህንንም ብትገጥም ግን እናትህን በሱ ተማምነህ አታስተኛ። ከሰል ፍም ከሆነ አይጎዳም የሚባለው ውሸት ነው፤ ጭሱ ይጠፋል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይዱ አይጠፋም፤ ሽታም የለው። ደም ውስጥ ከሄሞግሎቢን ጋር ሲጣበቅ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል። ከመተኛታችሁ በፊት ከሰሉ ይውጣ።

ጥያቄ፦ ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ሥራውን ሠርቶ እንደነበረ ይቀራል ብለን ተምረናል። እንደ ሴንሰሩ ኦክሳይድ ኤሌክትሮን ሲሰጥና ሲቀበል ታዲያ አይለወጥም? (ከማራኪ፣ የኬሚስትሪ ተማሪ)

መልስ፦ ይለወጣል፣ ግን ይመለሳል። ማርስና ቫን ክሬቨለን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 እንዳሳዩት፣ በብዙ ኦክሳይዶች ላይ ለማቃጠሉ የሚውለው ኦክስጅን ከክሪስታሉ ከራሱ ይወጣል። የተተወው ኤሌክትሮን እዚያው ይቀራል፤ በኦክሳይዱ ውስጥ ያለው ሜታልም ቻርጁ ይቀንሳል። በኋላ ከአየር የመጣ ኦክስጅን ክፍተቱን ይሞላል፣ ኤሌክትሮኑንም መልሶ ይወስዳል። በመኪና ጭስ ማውጫ ውስጥ ያለው ሴሪየም ኦክሳይድ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ሴሪየሙ ከአራት ቻርጅ ወደ ሦስት ይወርዳል፣ ተመልሶ ወደ አራት ይወጣል። የማይመለስበት ጊዜ አለ ወይ ካልክ፣ አለ፤ እርሳስ ያለበት ቤንዚን የጭስ ማውጫ ካታሊስቶችን የሚገድለው ገጹን ሸፍኖ ስለሚቀር ነው።