መልስ፦ በጁላይ ብቻዬን ከዴንቨር ወደ አሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በረሃ ብነዳ ይሆናል?

እህቴ፣ ይሆናል። እኔም በጁላይ፣ እንዳንቺው በትንሽ መኪና ብቻዬን ሄጄበታለሁ።

በኮሎራዶ ያለውን የሜሳ ቨርዴ ብሔራዊ ፓርክ አስቀድሚ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሙቀቱ እንደ ቆላው አይከብድም። እዚያ ያለው ክሊፍ ፓላስ ገደል ሥር በድንጋይ የተሠራ፣ 150 ያህል ክፍሎች ያሉት መንደር ነው፤ ነዋሪዎቹ በ1200ዎቹ መጨረሻ ትተውት ሄደዋል። ፊት ለፊቱ ስቆም ዋሻ ውስጥ የተሠራው ይምርሐነ ክርስቶስ ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ። የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነውና ትኬቱን ቀድመሽ ግዢ።

ከዚያ በአሪዞናና በዩታ ድንበር ያለው የቀይ ዓለቶች ሸለቆ፣ ሞኑመንት ቫሊ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የናቫሆ ሕዝብ መሬት ስለሆነ የብሔራዊ ፓርኮቹ የዓመት ካርድ አይሠራም፤ ለየብቻ ትከፍያለሽ። አሪዞና በበጋ ሰዓቱን አይቀይርም፣ ናቫሆዎች ግን ይቀይራሉ፤ ስለዚህ ስልክሽ በአንድ ሰዓት ወዲያና ወዲህ ቢል አትደናገጪ፣ ቀጠሮሽን ግን አጣሪ።

በኒው ሜክሲኮ ያለውን የጥንት ፍርስራሽ፣ ቻኮን፣ በጣም ብወደውም የሚወስደው መንገድ መጨረሻው አፈር ነው። ዝናብ ከጣለ በዚያ መኪና አትሞክሪው።

ከሙቀቱ ይልቅ የምፈራልሽ ደራሽ ጎርፉን ነው። በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ ዝናብ አለ፤ አንቺ ያለሽበት ሰማይ ጠርቶ፣ ራቅ ብሎ የዘነበው በደረቁ ወንዝ ሊመጣ ይችላል። ውኃ የሸፈነውን መንገድ በፍጹም እንዳታቋርጪ። ጠዋት ንጂ፣ ለቀን ቢያንስ 4 ሊትር ውኃ ያዢ፣ ካርታውን ስልክሽ ላይ አውርጂ። መኪናው ቢቆም ትተሽው በእግር አትሂጂ። እኔ ጎማ ሲፈነዳብኝ እዚያው ጥላው ሥር ጠበቅሁ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ከጠበቅሁ በኋላ አንድ የናቫሆ አባት ደርሰው ረዱኝ።