ለካውንስለሩ ምን ብዬ ልመልስለት?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ፤

አምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ዛሬ ቢበቃኝ ነው። የምኖረው ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ባለ ሎኬሽን፣ ማለትም የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለችኝ። እንደ ብዙዎቻችን ከሆሳዕና አካባቢ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ብርድ ልብስ ተሸክሜ ቤት ለቤት በዱቤ አዞርኩ፣ ከዚያ በሰው ሱቅ ተቀጠርኩ፣ ከዚያ የራሴን ከፈትኩ። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ ማን እንደሆንኩ እንዲያውቁት ብዬ ነው።

የዋርዳችን ካውንስለር፣ የሰፈሩ ተመራጭ ማለት ነው፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ስለ መብራት መቆራረጥ መስሎኝ ሄድኩ። ምርጫ እየቀረበ ስለሆነ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰውዬው ማይኩን ይዞ ስለ መብራቱ ሁለት ቃል ተናገረና ወደኛ፣ «ማይፍሬንድ» ወደሚሉን የውጭ አገር ባለሱቆች ዞረ። «ማይፍሬንዶች ልጆቻችንን እየመረዙ ነው። ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ይሸጡልናል። ግብር አይከፍሉም፣ ገንዘቡን ጠቅልለው አገራቸው ይልካሉ፣ ከዱቄቱ ጋር ሱቅ ውስጥ ይተኛሉ» አለ። ሰው አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚገዙኝ፣ ወሩ ሲጋመስ ደብተር ላይ እየጻፍኩ በዱቤ የምሰጣቸው ናቸው። እኔ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነበርኩ። በየወንበሩ የሚታደለው ለስላሳ ደግሞ የኔ ነው! ለስብሰባው አስተዋጽኦ አድርግ ብሎ ልጆች ልኮ ቀደም ብሎ አስወስዶታል። አራት ካርቶን ለስላሳ፣ ላዩ ላይ ብስኩት ጨምሬ።

እትዬ፣ እኔ ሱቄን አስመዝግቤያለሁ። ስፓዛ ሁሉ ይመዝገብ የተባለ ጊዜ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ የቆምኩትን እግሬ ያውቀዋል። የታክስ ቁጥር አለኝ። ዕቃዬም ያገሬው ሰው ሱቅ ዕቃ የሚመጣበት ጅምላ መሸጫ ነው የሚመጣው። ሱቅ ውስጥ መተኛቱንም ቢሆን ድሮ ተኝቻለሁ፤ ሌሊት ግድግዳ እየበሱ ስለሚዘርፉን እንጂ ወድጄ አይደለም። አሁን ቤተሰብ አለኝ፣ ቤት ተከራይቻለሁ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው «ማይፍሬንዶች» ብሎ ሲጠቀልለው ያንገበግባል። የተቃዋሚው ፓርቲ ሰውም ቢመጣ ያንኑ ነው የሚለው፤ እንዲያውም ይብሳል።

ስለዚህ መልስ ጽፌያለሁ። ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ መጥቶ እንደሠለጠነ፣ በኛ ፓስፖርት እንደተጓዘ፣ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ነፃነት የከፈለችውን ሁሉ ዘርዝሬ አንድ ወዳጄ ወደ እንግሊዝኛ መለሰልኝ። የዋርዱ ዋትስአፕ ግሩፕ ላይ ልለቀው ነው። የማኅበራችን ሽማግሌዎች ግን «አርፈህ ተቀመጥ፣ ሱቅህን ታስቃጥላለህ፣ የኛንም ታስቃጥላለህ» አሉኝ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የሱቁ ቤት ባለቤት፣ አሮጊቷ ጎጎ፣ ተነስታ የሆነ ነገር ተናግራ ነበር፤ ጮኸውባት ተቀመጠች። እኔ ወጥቼ ስለነበር አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህም አላየኋት፣ የወሩን ኪራይ ለልጇ ነው የሰጠሁት። እና ዝም ማለቱ ይሻላል ወይስ መናገሩ? የሽማግሌዎቹን ቃል ብጥስ ነውር ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ሰውዬው ያለው እውነት ይመስላል።

ሌላው ነገር ልጄ ናት። እዚሁ ነው የተወለደችው፣ 13 ዓመቷ ነው፣ ዙሉኛ እንደነሱ ትናገራለች። ከስብሰባው ወዲህ ጠዋት ስሸኛት ከትምህርት ቤቱ አንድ መንገድ ቀደም ብዬ እንዳወርዳት ትለምነኛለች። መኪናው ላይ የሱቁ ስም ተጽፏል። ባለቤቴ ሆሳዕና እናቷ ዘንድ እንላካት እያለች ነው። ልላካት ወይ?

ልቡ የዛለው፣ ከሎኬሽን

---

ወንድሜ፣

ስለ ጎጎ ጥቂት መስመር ጽፈህ አለፍክ። ለለስላሳው እንኳ ካርቶኑን ቆጥረህለታል።

ያልከውን እስኪ እንደገና አንብበው። አንዲት አሮጊት፣ የዚያው ሰፈር ሰው፣ ጎረቤቷ ሁሉ በሚያጨበጭብበት አዳራሽ ብድግ ብላ ተናገረች። ምን እንዳለች አታውቅም። ምን አልሽ ብለህም አልጠየቅካትም። ኪራዩን በልጇ እጅ ላክህ፤ ከዚያ እኔን ለካውንስለሩ ማን ይመልስለት ትለኛለህ። የተመለሰለትማ ተመልሶለታል፤ አንተ ውጭ ነበርክ።

አንተ ቢከፋህ ሀበሾችህ ዘንድ ሄደህ ቡና እየጠጣህ ታወራዋለህ። እሷ የት ትሂድ? ካጨበጨቡት ጋር ነው ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው፣ የቀብር ማኅበሯንም ከነሱው ጋር ነው የምትከፍለው። ይኼኔ ስደተኛን በሚሰድቡበት ቃል የመኩዌሬኩዌሬ ጠበቃ የሚል ስም ወጥቶላት ይሆናል። ላንተ ስትል ምን እንደከፈለች ሳታውቅ ኪራዩን በመልእክተኛ! ይህን እንኳን በሆሳዕና በየትም አገር አናደርገውም።

ለኪራዩ ብላ ነው የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን። እዚያ የአረጋውያን ድጎማ እ.ኤ.አ. በ2025 በወር 2,300 ራንድ ገደማ ነበር፤ ያንተ ኪራይ ከዚያ ላይ ሲጨመር ነው ቤቷ የሚቆመው፣ የልጅ ልጆችም ካሉ የሚበሉት። የስንቱ ሎኬሽን አሮጊትና ሽማግሌ እንዲሁ ነው የሚኖረው። ጥቅሟን በሰው ፊት ቆማ የምትናገር ሴት፣ ጥቅሙን ልጅ ልኮ በካርቶን ከሚያስለቅም ካውንስለር ትበልጥብኛለች። ደግሞም ልብ በል፤ ስደተኛው ገንዘቡን ጠቅልሎ ይልካል ለተባለው የመልሱ ግማሽ እሷ እጅ ላይ ነው ያለው።

ፖለቲከኛ ጆሮው የተሠራው ድምፅ ለሚሰጠው ሰው ነው። አንተ ድምፅ የለህም፤ ጎጎ አላት። የጆሃንስበርግ ከንቲባ የነበረው ኸርማን ማሻባ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥጋ በጋሪ የሚገፋ ሰው መንገድ ላይ ካስያዘ በኋላ፣ በንግድ ስም ኢቦላ ታመጡብናላችሁ የሚል ነገር ትዊተር ላይ ጻፈ። ይቅርታ የጠየቀው የጋሪው ባለቤት ስለ አገሩ ታሪክ ስላስተማረው አይደለም። የገዛ አገሩ ሰዎች ተነስተውበት ነው።

ስለዚህ የማንዴላውን ደብዳቤ ተወው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኮልፌ መሠልጠኑ እውነት ነው፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት መጓዙም እውነት ነው፣ እኔም እኮራበታለሁ። ግን አስበው። አዳራሹ ውስጥ የነበረችው እናት የፈራችው ልጇ ከሱቅ በገዛው ቺፕስ እንዳይሞት ነው። አንተ የስድሳ ዓመት ውለታ ስትቆጥርላት፣ ለልቅሶ ቤት ዕዳ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ነው የምትመስላት። ፍርሃቷ የውሸት አይደለም። ልጆቹ በእርግጥ ሞተዋል።

የሞቱበትን ምክንያት አንተም በደንብ ልታውቀው ይገባል፤ ሱቅ ከፍተህ እየነገድክ «መረዙ» ሲባል ሽምጥጥ አድርጎ መካድ ብቻ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ሶዌቶ፣ ናሌዲ ውስጥ ስድስት ሕፃናት ሞቱ። በምርመራ የተገኘው ተርቡፎስ የሚባል የእርሻ ፀረ ተባይ ነው፤ ለማሳ እንጂ ለቤት የተፈቀደ አልነበረም። ታዲያ ሰፈር ምን አመጣው ብትል፣ አይጥ። ቆሻሻ በጊዜው አይነሣም፣ አይጡ ይራባል፣ ሰው ሲቸግረው ያን መርዝ በትናንሽ ከረጢት ከመንገድ ይገዛል። ይህን የምልህ እኔ አይደለሁም። ፕሬዚዳንት ራማፎሳ እ.ኤ.አ. በኅዳር 15 ቀን 2024 ለሕዝቡ ሲናገሩ በዚያ ዓመት 22 ሕፃናት መሞታቸውን ገልጸው፣ አይጡ የበዛው ቆሻሻ በአግባቡ ባለመነሣቱ መሆኑን፣ እነዚህ ነገሮችም በደቡብ አፍሪካውያን ሱቅ ውስጥ የመገኘታቸው ዕድል እኩል መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። አንተ የተሰለፍክበት የ21 ቀን ምዝገባ የታወጀውም ያን ምሽት ነው፤ በኋላ እ.ኤ.አ. እስከ የካቲት 28 ቀን 2025 ተራዘመ።

ቆሻሻ ማንሣት የማን ሥራ ነው? የማዘጋጃ ቤት። የሰፈሩን አቤቱታ እዚያ ማድረስስ? ማይኩን የያዘው ሰውዬ! (ይህን ስጽፍ ትንሽ እንደ ሣቅኩ አልደብቅህም።) ግን ይህን ጥያቄ አንተ አትጠይቀው። አንተ ስትጠይቀው መልስ ማሳጣት ይሆናል፤ ጎጎና ጎረቤቶቿ ሲጠይቁት ግን የምርጫ ጥያቄ ይሆናል።

አንተ የምታደርገው ሌላ ነው። ስለ ምዝገባው፣ ስለ ታክሱ፣ ስለ ጅምላ መሸጫው ነገርከኝ፤ ስለ አይጥ መድኃኒት ግን ምንም አላልክም። ስም የለሽ ከረጢት መደርደሪያህ ላይ ካለ ዛሬውኑ አውጣው፤ ሰፈሩ ይፈልገዋል አትበለኝ። ዱቤ የምትሰጣቸውን እናቶች ወደ ውስጥ አስገባቸውና ዱቄቱ የት እንደሚቀመጥ፣ ዕቃው መቼ እንደሚያልፍበት፣ ደረሰኙ ከየት እንደመጣ በዓይናቸው ይዩት። የሚያሳፍር ነገር ከሌለህ ከዚህ የሚበልጥ ንግግር የለም።

ሽማግሌዎቹን አልስቅባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2008 በስደተኞች ላይ በተነሣው ጥቃት ከ60 በላይ ሰው የተገደለበትን ሰሞን ያዩ ሰዎች ስለ እሳት ሲያወሩ አፍን ይዞ መስማት ነው። ደብዳቤውን ዋትስአፕ ላይ አትልቀቅ ያሉህም ልክ ናቸው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ማን እንደሚያነበው አታውቅም። ግን «ዝም በል» ያሉት ልክ አይደለም፤ የኛ ሰው ዝም ብሎ አይደለም እስከዛሬ የነገደው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሊምፖፖ ክፍለ ሀገር ውስጥ ፖሊስ «ሃርድስቲክ» በሚል ዘመቻ ከ600 በላይ የስደተኞች ሱቆች ዘጋ። ፍርድ ቤት የሄዱት የሶማሌዎቹ ማኅበርና በደቡብ አፍሪካ የኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲ ናቸው። መጀመሪያ ተረቱ፤ ይግባኝ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ብሉምፎንቴን ያለው ጠቅላይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የስደተኛና የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ያለው ሰው የንግድ ፈቃድ ማመልከትና መነገድ ይችላል ብሎ ፈረደላቸው። አንተ ዛሬ ሱቅ ከፍተህ የተቀመጥከው በዚያ ፍርድ ጭምር ነው። ሽማግሌዎችህ ይህን ረስተውት ከሆነ አስታውሳቸው፤ በትሕትና፣ ግን አስታውሳቸው።

ስብሰባውን የቀረጸ ሰው ካለ ቅጂውን ማኅበሩ ይያዘው። አቤቱታ የሚገባው በማኅበሩ ስም እንጂ ባንተ ስም አይሁን። የሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ አቤቱታ በነፃ ይቀበላል፤ ኢኳሊቲ ኮርት የሚሉት የእኩልነት ፍርድ ቤትም ክፍያ አይጠይቅም፣ ያለ ጠበቃም ይሄዳሉ። ነገር ግን ስላሳመመህ ብቻ አታሸንፍም፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የሚያስከፋ ንግግር ብቻውን የጥላቻ ንግግር አይሆንም ብሏል። ጥላቻ የሚያሰራጭና ለመጉዳት የታሰበ ወይም ለጉዳት የሚያነሣሣ መሆኑን ማሳየት ይፈልጋል። «ይመርዙናል» ብሎ የተቆጣ አዳራሽ ፊት መናገር ወደዚያ የሚጠጋ ይመስለኛል፤ ይህን ግን ከጠበቃ ጋር ተማከሩበት።

ለስላሳውን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ አቁም። ስድብህን በራስህ መጠጥ አታወራርድለት። ቢልክብህ «የሚሰጠው ማኅበሩ ነው፣ በደብዳቤ ይጠይቅና ደረሰኝ ይቁረጥ» በለው። ደረሰኝ ሲባል ይጠፋል።

አሁን ወደ ልጅህ። እንደ ትርፍ ነገር «ሌላው» ብለህ መጨረሻ ላይ ያመጣሃት እሷን ነው፤ ደብዳቤው ሁሉ ግን የተጻፈው ለእሷ ነው። መልሴ፦ አትላካት።

ባለቤትህ ለምን እንዳለችው ይገባኛል፤ እናት ናት፣ ልጇ አንገቷን ስትደፋ አይታለች። ግን ልጅቷ ሆሳዕናን የምታውቀው በስልክ ነው። እዚያም ብትሄድ ደቡብ አፍሪካዊቷ ነው የሚሏት። ከዚህ የባሰም አለ። የደቡብ አፍሪካ የዜግነት ሕግ፣ ዜጋም ቋሚ ነዋሪም ካልሆኑ ወላጆች እዚያ የተወለደ ልጅ፣ ልደቱ በወጉ ተመዝግቦ ከተወለደ ጀምሮ አካለ መጠን እስኪደርስ፣ ማለትም እስከ 18 ዓመቱ፣ እዚያው ከኖረ ዜግነት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ሆም አፌርስ የሚባለው የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ይህን ላለመፈጸም ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 በይግባኝ ተሸንፏል። አምስት ዓመት ነው የቀራት። ዛሬ ሆሳዕና ብትልካት ያን ክር በገዛ እጅህ ትበጥሰዋለህ፤ ካውንስለሩ በስብሰባ ያላገኘውን አንተ በአውሮፕላን ትኬት ትሰጠዋለህ። ብትቆይ ደግሞ አንድ ቀን ድምፅ ትሰጣለች። የዚያኔ እንዲህ ያለ ሰው ስብሰባ ሲጠራ ፊት ወንበር ላይ እንደሚያስቀምጣት አትጠራጠር።

እስከዚያው አንድ መንገድ ቀደም ብላ ብትወርድ አውርዳት። አትቆጣት፣ «ታፍሪብኛለሽ ወይ» ብለህም አታስለቅሳት። ያፈረችው ባንተ አይደለም፤ ያን ጭብጨባ ከክፍል ጓደኞቿ ወላጆች እጅ ሰምታ ነው። አዳራሹ ውስጥ ምን እንደተባለ ራስህ ንገራት። ከሰው አፍ ሰምታዋለች፣ ካንተ አፍ ግን አልሰማችም።

የልደት ወረቀቷን ፈልገህ አውጣ፤ በእጅ የተጻፈ ነው፣ የመታወቂያ ቁጥር የለውም ብለህ አትናቀው፣ ያ ነው መረጃዋ። ልደቷ ካልተመዘገበ ነገ ጠዋት ሱቁን ለሠራተኛ ትተህ ሆም አፌርስ ሂድ።

ከዚያ እሑድ ጎጎ ዘንድ ሂድ። ባዶ እጅህን አትሂድ፤ ኪራይ የሚመስል ነገር ግን አትያዝ። ያን ቀን ምን ብላ እንደነበር ጠይቃት። ልጅቷንም ይዘሃት ሂድ፤ ጎጎ የምትናገረው በዙሉኛ ነው፣ ያንተ ዙሉኛ ደግሞ ከዳቦና ከስኳር ብዙ የሚያልፍ አይመስለኝም።