ቁልፍ ያስቀረጸ ሌባ፦ የጅማ የጥያቄና መልስ ምሽት

ጅማ ውስጥ የመሥሪያ ቤት፣ የቡና ነጋዴና የኮሌጅ ኮምፒውተሮችን ስጠግን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ የምንነጋገረው ሰርቆ ስለሚሄድ ሌባ አይደለም፤ ገብቶ ስለሚቀመጠውና ቀስ በቀስ የባለቤቱን ሥልጣን ስለሚይዘው ነው። ጥያቄያችሁን ላኩ። መብራት ከጠፋ ጠብቁኝ፣ እመለሳለሁ።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ አንቲቫይረሱ «ንጹሕ ነው» ይለኛል። ታዲያ ምን ልፈልግ?

መልስ፦ መመለሻውን ፈልግ። ሊቆይ ያሰበ ሰው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራም ሆነ የይለፍ ቃል ሲቀየር ተመልሶ የሚገባበትን ነገር አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት። በዊንዶውስ ላይ በብዛት የሚጠቀምባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች፣ በሰዓት የሚቀሰቀሱ የታቀዱ ሥራዎች፣ ከጀርባ የሚሠሩ ሰርቪሶችና አዲስ የተጠቃሚ መለያ። ከመለያዎቹ በስተቀር ሌሎቹን ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው አውቶረንስ የተባለ ፕሮግራም በአንድ መስኮት ይደረድርልሃል።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ የቡናው ጥድፊያ በጦፈበት ሰሞን አንድ ነጋዴ ቢሮ ተጠርቼ ነበር። ሒሳብ ሠራተኛዋ «ቫይረሱን ሦስት ጊዜ አጥፍተነዋል፤ ሰኞ ሰኞ ይመለሳል» አለችኝ። የታቀዱ ሥራዎችን ከፍቼ አንድ በአንድ ስወርድ የአታሚ ማዘመኛ የሚል ስም የያዘ ሥራ አገኘሁ። ስሙ ያማረ ነው፤ ችግሩ ጠረጴዛው ላይ ያለው አታሚ የሌላ ኩባንያ ምርት መሆኑ ነው። ሥራው ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ያንኑ ፋይል ከኢንተርኔት እንደገና ያወርዳል። እነርሱ ያጠፉት የወረደውን ነበር፤ የሚያወርደውን ማንም አላየውም። ሥራው የሚካሄደው ደግሞ በኮምፒውተሩ ከፍተኛ ሥልጣን ነበር።

ጥያቄ (ከመንደራ)፦ ያንን ሥልጣን ከየት አመጣው?

መልስ፦ እኛው ሰጠነው። ያቺ ሠራተኛ ኢሜይል የምታነበውም ደረሰኝ የምታትመውም በአስተዳዳሪ መለያ ነበር፤ እርሷ የከፈተችው ፋይል ሥልጣኗን ይዞ ተነሣ። አብዛኛው የከተማችን ቢሮ እንዲሁ ነው፣ ስናገረውም ሰልችቶኛል። ለዕለት ሥራ ተራ መለያ ክፈቱ።

ሌላው መንገድ ያልታደሰ ሶፍትዌር ነው። በብዙ የሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሥርዓት) ዓይነቶች ውስጥ በሚገኘው፣ ለማን ምን እንደሚፈቀድ በሚወስነው ፖልኪት ላይ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ የነበረ ስሕተት ይፋ የሆነው በጥር 2022 ነው። ስሕተቱ ተራ ተጠቃሚን በአንድ እርምጃ ሩት፣ ማለት የሊኑክስ ባለ ሙሉ ሥልጣን፣ ያደርገው ነበር። እስካሁን ያልታደሰ ሰርቨር ዛሬም በሩ ክፍት ነው።

ጥያቄ (ከሄርማታ፣ የሰርቨር ኃላፊ ነኝ)፦ ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ በቁጥር በሚጽፍበት የክስተት መዝገብ ውስጥ የትኞቹን ቁጥሮች ልከታተል?

መልስ፦ 4720 አዲስ መለያ መከፈቱን፣ 4732 አንድ ሰው ወደ አስተዳዳሪዎች ወይም በኮምፒውተሩ ላይ ወዳለ ሌላ የተጠቃሚዎች ቡድን መጨመሩን፣ 7045 አዲስ ሰርቪስ መጫኑን ይነግርሃል። 4720 ታይቶ በደቂቃዎች ውስጥ 4732 ከተከተለ፣ አንተም ሠራተኛ ካልቀጠርክ፣ ሻይህን አስቀምጠህ ተነሣ። 4698 የታቀደ ሥራ መፈጠሩን ያሳያል፤ ግን ክትትሉን ራስህ ካላበራኸው አይመዘገብም። 1102 የደኅንነት መዝገቡ መጠረጉን ነው የሚናገረው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደነግጠው እርሱ ነው።

በተለመደው የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ የደኅንነት መዝገቡ 20 ሜጋ ባይት ያህል ብቻ ይይዛል፤ ሲሞላ አሮጌውን በአዲሱ ይተካል። ከወር በኋላ ብትፈልገው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። መጠኑን አሳድገው፣ ቅጂውንም ወደ ሌላ ማሽን ላክ።

ጥያቄ (ከኪቶ ፉርዲሳ፣ ተማሪ)፦ ጋሼ፣ በተለማመድኩበት ቢሮ መዝገቡ 02:10 ላይ አስተዳዳሪው ገባ ይላል። ቢሮው የሚከፈተው 2 ሰዓት ስለሆነ ችግር የለውም አሉኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ ኮምፒውተሩ የእኛን ሰዓት አይቆጥርም። 02:10 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው፤ በዚያን ሰዓት ዘበኛው እንኳ ጋቢውን ተከናንቧል። ብዙ የሊኑክስ ሰርቨር ደግሞ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚመዘግበው፤ ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ ያው ሌሊት 23:10 ተብሎ፣ በዋዜማው ቀን ተጽፎ ታገኘዋለህ። ሄደህ እንደገና አስረዳቸው።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ የሒሳብ ፕሮግራም የጫነልን ባለሙያ ከርቀት የሚገባበትን ኤኒዴስክ ትቶልን ሄዷል። ችግር አለው እንዴ?

መልስ፦ ፕሮግራሙ ሕጋዊ ስለሆነ አንቲቫይረስ ብዙ ጊዜ ዝም ይለዋል፤ አጥቂዎችም የሚወዱት ለዚሁ ነው። ባለሙያው ሲፈለግ እናንተው ክፈቱለት፤ ቋሚ የይለፍ ቃሉን ግን ዛሬውኑ አንሡ።

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ የይለፍ ቃል ሳላስገባ፣ በመግቢያው ገጽ ላይ ሺፍትን አምስት ጊዜ ስጫን ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ተከፈተ።

መልስ፦ እኅቴ፣ የኔትወርክ ገመዱን አሁኑኑ ንቀይ። መከፈት የነበረበት ቁልፍ መጫን ለሚከብዳቸው ሰዎች የተሠራች ትንሽ የጥያቄ መስኮት ናት። አንድ ሰው ያንን በትእዛዝ መስኮት ተክቶታል፤ የተከፈተልሽም ሙሉ ሥልጣን ይዞ ነው። ይህን ለማድረግ ቀድሞ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይዟል፣ አለበለዚያም ኮምፒውተሩን በእጁ አግኝቶታል። ቢሮው ውስጥ ማን ብቻውን እንደሚያመሽም ጠይቂ።

ጥያቄ (ከሄርማታ፣ በድጋሚ)፦ በሊኑክስስ?

መልስ፦ ከሩት ሌላ የተጠቃሚ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ መለያ፣ የማታውቀው የኤስኤስኤች ቁልፍ (ከርቀት ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ)፣ አዲስ የክሮን መስመር (በሰዓት የሚቀሰቀስ ሥራ)። ድረ ገጽ ካለህ ምስል በሚጫንበት ማህደር ውስጥ የፒኤችፒ ፋይል (ሰርቨሩ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ፈልግ፤ እዚያ ምንም ጉዳይ የለውም።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ፣ በድጋሚ)፦ ካገኘሁት ወዲያው ላጥፋው?

መልስ፦ አታጥፋው። ከኔትወርክ ለየው እንጂ ኮምፒውተሩንም አትዝጋው፤ በጊዜያዊ ማስታወሻው (ራም) ውስጥ ያለው ማስረጃ ሲዘጋ ይጠፋል። ያየኸውን በስልክህ ፎቶ አንሣ፣ መዝገቡን በሌላ ዲስክ ገልብጥ። ያለ ፈቃድ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስከስሳል፤ ያለ ማስረጃ ግን ማንን ትከሳለህ? ከዚያ በኋላ ዊንዶውሱን ከአዲስ ጫን፣ የይለፍ ቃሎቹንም ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ቀይር። አንዱን መመለሻ ያዘጋጀ ሰው ሁለተኛም አዘጋጅቶ ሊሆን ይችላል፤ የነጋዴው ቢሮ ውስጥ ሁለተኛውን ያገኘሁት በማግስቱ ነው።