መዘበረን ወይስ በዘበዘን?

ጥያቄ፦ የምሠራው በአንድ የአበባ እርሻ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሳይሰጡን ለወራት አሠሩን። በአቤቱታችን ላይ «ድርጅቱ መዘበረን» ብዬ ብጽፍ ባልደረባዬ «በዘበዘን ነው የሚባለው» ብሎ ሰረዘብኝ። የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ነው። ሰው አይመዘበርም፤ የሚመዘበረው ገንዘብና ንብረት ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በአደራ የተያዘ። ገንዘብ ያዡ ካዝናውን፣ ሹሙ የሕዝቡን ሀብት ይመዘብራል። በግዕዝ መዝበረ ማለት አፈረሰ ማለት መሆኑን ሳስብ፣ ውስጥ ለውስጥ ተቦርቡሮ የወደቀ ቤት ይታየኛል።

በዘበዘ ሌላ ታሪክ አለው። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 8 ነቢዩ ልጁን «ምርኮ ፈጠነ፥ ብዝበዛ ቸኮለ» ብሎ እንዲጠራው ታዟል። (እናቱ ለእራት ስትጠራው ምን ያህል ይደክማት ይሆን?) እዚያ ላይ ብዝበዛ ማለት ድል ያደረገ ጦር ከተማ ገብቶ የሚያግበሰብሰው ነው፤ ሰይፍ አለበት፣ ጩኸት አለበት። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡበት ዘመን አንሥቶ፣ በተለይም ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ፣ ቃሉ ሰይፉን አስቀመጠ። «በዝባዥ» የተባለው ባላባት ጭሰኛውን አልወረረውም፤ አውድማው ዳር ቆሞ ድርሻዬ ነው ያለውን እህል አስሰፍሮ ሄደ እንጂ። ለዓመቱም ይመጣል። ከዘረፈ የሚለየውም በዚህ ነው፦ ዘራፊ ወስዶ ይሰወራል፣ በዝባዥ ግን ነገ ጠዋት ሥራ ገበታዎ ላይ እንዲገኙለት ይፈልጋል።

ስለዚህ «በዘበዘን» ያስኬዳል። እኔ ብሆን ግን «ጉልበታችንን በዘበዘ» እል ነበር፤ የተወሰደውን ነገር በስሙ ይጠራዋልና። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት ሲደነግግ የሚናገረው ጉልበታቸውን ስለሚበዘብዙ ልማዶች ነው።

ካነሣነው አይቀር፣ ከውጭ ቋንቋ የሚተረጉሙ ሰዎች «የማዕድን ብዝበዛ ፈቃድ» ብለው ሲጽፉ ሳይ እገረማለሁ። በአማርኛ ብዝበዛ በጎ ገጽ የለውም፤ ማዕድን እበዘብዛለሁ ያለ ኩባንያ በራሱ ላይ መስክሯል። ያወጣል ወይም ያለማል ቢባል ምን ጎደለ?

አጻጻፉንም ልብ ይበሉ። አዘዘ አዛዥ፣ ያዘ ያዥ እንደሚል ሁሉ በዘበዘም በዝባዥ ይላል፤ ድርጊቱ ግን ብዝበዛ እንጂ «ብዝበዣ» አይደለም።

አቤቱታው ላይ ግን ከግሱ በፊት የሠራችሁትን ሰዓትና ያልተከፈላችሁን ብር በቁጥር አስፍሩ። ብዝበዛ ፍርድ ነው፤ ቁጥሩ ማስረጃው ነው።